የድህነት ወለሉ ከነስሌቱ ይታተም፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የድህነት መጠን ይፋ ሲደረግ የስሌቱ ዝርዝር አብሮ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

በአገራችን ስለ ድህነት የሚደረገው ክርክር በመቶኛ ይጀምርና በመቶኛ ያልቃል። በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 በመቶ ሆነ ይባላል። አንዱ ወገን ቁጥሩን ይዞ ይኮራል፤ ሌላው ከገበያ ሲመለስ ኪሱን አይቶ ውሸት ነው ይላል። ድሃ የተባለው ሰው በስንት ብር ተለክቶ ድሃ እንደተባለ ግን ሁለቱም አያነሱም። እኛ በጅማና በዙሪያዋ በቤተሰብ ፍጆታ መረጃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የመሥሪያ ቤታችሁ መረጃ ሰብሳቢዎች በምን ጭቃና ዳገት እንደሚሠሩ እናውቃለን። ድካማቸው በአንድ መቶኛ ተጠቅልሎ መቅረቱ ነው የሚያስቆጨን።

የድህነት ወለል ማለት አንድ ሰው ድሃ ላለመባል ሊኖረው የሚገባ ዝቅተኛ ወጪ ነው። የ2008ቱ ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ ለምግብ የተያዘ ነው። ለቀን ሲካፈል ጠቅላላው 19 ብር ከ68 ሳንቲም፣ የምግቡ 10 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። በምግቡ ገንዘብ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል ተብሎ ነው የተሰላው። ሕፃናት እንደ ሙሉ አዋቂ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው 4 አዋቂ ያህል ቢመጡ፣ ቤቱ በወር ከ2,395 ብር በላይ ከተጠቀመ ድሃ አይባልም። ከጓሮ የተበላውም በብር ተተምኖ ይገባበታል። ይህ በሬዲዮ ቢነገር ኖሮ ክርክሩ ቀነሰ አልቀነሰም ከሚለው ወጥቶ፣ በዚያ ዓመት ጅማ ላይ በ10 ብር 2,200 ኪሎ ካሎሪ ይገኝ ነበር ወይ ወደሚለው በሄደ ነበር። ይህኛው ጥያቄ በሚዛንና በዋጋ ዝርዝር መልስ ያገኛል።

ከቁጥሮቹ አንድ ነገር ልብ በሉልን። የ2003ቱ ወለል 3,781 ብር፣ የምግቡ ድርሻ 1,985 ብር ነበር። ከ2008ቱ ጋር ሲተያይ ጠቅላላውም ምግቡም በ1.9 እጥፍ ነው ያደጉት። ምግብና ሌላው ወጪ በአንድ ማባዣ እንደተባዙ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ የምግብ ድርሻውም በሁለቱም ጊዜ 52.5 በመቶ ነው። በ1988 ግን ከ1,075 ብር ውስጥ 648ቱ የምግብ ነበር፤ ይህም 60 በመቶ ይሆናል። ድሃ ቤት ከወጪው የሚበዛውን ለእህል ነው የሚያወጣው። የእህል ዋጋ ከሌላው ዕቃ ቀድሞ በሚሮጥበት ዓመት በአንድ ማባዣ ያደገ ወለል ከኑሮው ኋላ ይቀራል፤ ድሃ ሆኖ ሳለ ከወለሉ በላይ የተቆጠረ ቤት ይኖራል። ቀጣዩ ሪፖርት የምግቡንና የሌላውን ወጪ ማሳደጊያ ለየብቻ፣ ከየትኛው ክልል ዋጋ እንደተወሰደ ጭምር እንዲያሳይ እንጠይቃለን።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ከታች፣ ከጣሳው የሚጀምረው ስህተት ነው። ገበያ ላይ በቆሎ በጣሳ ይሰፈራል፤ ጎመን በእስር፣ ቲማቲም በመደብ ይሸጣል። መረጃ ሰብሳቢው "በሳምንት 10 ጣሳ" ብሎ ይመዘግባል፤ ጣሳውን ወደ ኪሎ የሚቀይረው አዲስ አበባ ያለው ሠንጠረዥ ነው። እስቲ ሠንጠረዡ አንድ ጣሳ በቆሎን 1 ኪሎ ብሎታል እንበል፤ የአካባቢው ጣሳ ግን 850 ግራም ይይዛል። አንድ ኪሎ በቆሎ 3,600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። 10 ጣሳ 36,000 ተብሎ ይመዘገባል፤ ቤቱ የበላው ግን 30,600 ነው። ልዩነቱ በቀን 770 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል፤ ከአንድ አዋቂ የቀን ምግብ ሲሶ ይበልጣል። ያልበሉት በወረቀት ላይ በሉ ተባለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጢም ተደርጎ የተሰፈረውና አፉ ላይ የተስተካከለው እኩል አይመዝኑም፤ ሻጩ ለለመደው ደንበኛ አንድ እፍኝ መመረቁም አለ።

የተገዛ እህል የተከፈለበት ብር ስላለው ስህተቱ በከፊል ይታረማል። ከራስ ማሳ የተበላው ግን ኪሎው ተገምቶ በዋጋ ይባዛል፤ የጣሳው ስህተት እንዳለ ወደ ብሩ ይገባል። ለጅማ ገበሬ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ገብቶ ለወራት የሚቆይ ምግብ ነው፤ ቆጮ ሲወጣ ውሃው በደንብ የተጨመቀውና ያልተጨመቀው በክብደት በጣም ይለያያሉ። ነሐሴና መስከረም ላይ በቆሎ በእሸትነቱ በፍሬ ተቆጥሮ ይበላል፤ ቆረቆንዳው ሳይቀነስ ከተመዘነ ካሎሪው ያብጣል። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ደግሞ ቤት ተወቅጦ ሲጠጣ በየትኛው ዋጋ ይተመን? ገበሬው በሚሸጥበት ነው ወይስ ከተማ ቸርቻሪው በሚሸጥበት? አንዱን ቤት ከወለሉ በላይ ወይም በታች ለማድረግ ይህ ምርጫ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ የተመረጠው ግን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት።

ወቅቱም የራሱ ጣጣ አለው። በ1988ቱ ጥናት መረጃው በሁለት ዙር የተሰበሰበ ሲሆን ከ2003ቱ ወዲህ ግን ናሙናው በዓመቱ ወራት ሁሉ ተከፋፍሏል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሁለቱን ጥናቶች በአንድ መስመር ላይ ሲያነጻጽሩ ግን በግርጌ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በኅዳር የተጠየቀ ቤት እጁ ላይ ብር አለ፤ ያው ቤት በሐምሌ ቢጠየቅ ከነጋዴ ብድር ወስዶ ቀጣዩን ቡና አስቀድሞ ሸጦ ሊሆን ይችላል። ወራቱ እኩል ከተከፋፈሉ አማካዩ ይስተካከላል። ክረምት ላይ መንገድ ተቆርጦ የነሐሴ ቤተሰቦች ወደ ጥቅምት ከተገፉ ግን ዞኑ ሳይበለጽግ በለጸገ ይባላል። ስለዚህ በየወሩ ስንት ቤተሰብ እንደተጠየቀ፣ ከጅማ ዞን ስንት የቆጠራ ቦታ እንደገባ፣ የስህተት ህዳጉም ስንት እንደሆነ ይታተም።

የለቀማ ወቅት ሌላም ችግር ያመጣል። ለቃሚዎች ከሩቅ ወረዳ መጥተው እዚያው ቤት ይበላሉ፤ ምግባቸው በቤቱ ወጪ ሲገባ እነሱ ግን የቤተሰቡ አባል ተብለው አይመዘገቡም። ብዙ ሰው የበላው ለጥቂቱ ይካፈልና ለአንድ ሰው የሚደርሰው ያብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየዕለቱ እንግዳና ሠራተኛ ስንት ሰው በላ የሚል አንድ ጥያቄ በቅጹ ላይ መጨመርና በአካፋዩ ውስጥ ማስገባት።

በከተማው የቤት ኪራይም እንዲሁ ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖርና አጠገቡ ካለ ግለሰብ የተከራየ ሰው፣ ቤታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሚከፍሉት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የተከፈለው ብር ብቻ ከተወሰደ ግለሰብ ተከራዩ ሀብታም መስሎ ይታያል።

በውጭ ቁጥሮች ላይም ሕዝቡን ብታግዙት መልካም ነው። የዓለም ባንክ መለኪያ በቀን 1.90 ዶላር ነበር፤ በኋላ 2.15፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 3 ዶላር ሆነ። ይህ በመግዛት አቅም ንጽጽር፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ በሚገዛው ዕቃ መጠን የሚሰላ ዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብዙ ሰው በባንክ ዋጋ እያባዛ ወለሉን ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርገዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. መረጃ የተሠራው የኦክስፎርድና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ 68.7 በመቶ ይላል። ከ23.5 ጋር አይጣላም፤ የሚለካው ወጪን ሳይሆን ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ሁኔታን ነው። ስድስቱ የኑሮ ሁኔታ አመልካቾች እያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ስምንተኛ ይመዝናሉ። በእንጨት የሚያበስል፣ ወለሉ አፈር የሆነ፣ መብራት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ደህና መጸዳጃና በቂ የቤት ንብረት የሌለው ቤት ስድስቱን ደምሮ ድሃ ለመባል የሚበቃውን አንድ ሦስተኛ ይሞላል፤ የቡና ገቢው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ድሃ ተብሎ ይቆጠራል።

መሥሪያ ቤታችሁ ከዓለም ባንክ ጋር ባካሄደው የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት የአካባቢ መስፈሪያዎችን ወደ ኪሎ የሚቀይር ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ያ ሥራ ለጅማ ዞን እንዲታደስ እንጠይቃለን። በጅማ ሂርማታ መርካቶ፣ በአጋሮ፣ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሊሙ ገነት ገበያዎች፣ በየገበያው ቢያንስ ከ5 ሻጮች፣ ጣሳው ጢም ሲልና ሲስተካከል ለየብቻ፣ አንድ ጊዜ በጥር ሌላ ጊዜ በነሐሴ ይመዘን። ቆጮ ተጨምቆም ሳይጨመቅም፣ እሸት በቆሎ ከነቆረቆንዳውና ተፈልፍሎ ይመዘን። ውጤቱ ከቀጣዩ የድህነት ሪፖርት ጋር በአባሪነት፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር

በጅማ የምንገኝ የቤተሰብ ፍጆታ መረጃ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር