የአውቶ መካኒክስ ክበብ፦ «96 ከሆነ ይገጥማል»

ዘንድሮ ክበባችን ሞተር አገኘ። አምና ዓመቱን ሙሉ የነበረን አንድ የባጃጅ ካርቡሬተር፣ ሦስት ቁልፍና እኔ በጠመኔ የሣልኩት የአራት ስትሮክ ሥዕል ብቻ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል ግን የአንዲት ተማሪያችን አባት የፕራዷቸውን ሞተር በአይሱዙ ጭነው አምጥተው ግቢያችን ውስጥ አስወረዱት። «ለልጆቹ ይሁን፤ እኔን አቃጥሎኛል» አሉ። ሁለት ጊዜ አሠርተውት ሁለቴም ውሃ ማፍላቱን አልተወም። ሦስተኛው ላይ እጅ ሰጡ።

ወሬው በአንድ ቀን የድሬዳዋን ሰፈሮች ሰቢያንንም ለገሃሬንም አዳረሰ መሰለኝ፣ 14 የነበረው አባል 23 ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐሙሶች በእጥበት አለቁ። ናፍጣ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ። ቆሻሻው ሲነሳ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተመታው ጽሑፍ ወጣ፦ 1ኬዜድ። መኪናው ላይ የነበረው ሙሉ ስሙ 1ኬዜድ-ቲኢ ነው። ልጆቹ ስሙን እንዲፈቱት አደረግሁ። ኬዜድ የሞተሩ ቤተሰብ ነው። «ቲ» ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) አለው ማለት ነው። «ኢ» ደግሞ የናፍጣ ፖምፓው በኮምፒውተር ይታዘዛል ማለት ነው። ይቺን «ኢ» ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ ታስለቅሰናለች።

የ10ኛ ክፍሎቹ ሥራ ልኬት ነበር። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚጓዘው 103 ሚሊ ሜትር። የሲሊንደር ይዘት ቀመር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲያዛጋቸው የነበሩ ልጆች እዚህ ወረቀት ተሻሙ። አንዱ ሲሊንደር 745.5 ሲሲ፣ በአራት ሲባዛ 2,982። መኪናው ሊብሬ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ! አንዷ ልጅ ሒሳቧን ሞተሩ ላይ በጠመኔ ጻፈችው። እስከ ሰኔ ማንም አላጠፋውም።

ተርቦውንም በጣት ሞከርነው። ዘንጉ በጎን በኩል ጥቂት ይነቃነቃል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ግን የለበትም፤ የእኛው አይሄድም። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር መሆኑን ስነግራቸው አንዱ «አቦ ቲቸር፣ እያጋነንክ ነው» አለኝ። አላጋነንኩም። ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ስለሚዞር ነው የሚችለው። ዳገት ወጥተው እንደደረሱ ወዲያው ሞተር የሚያጠፉ ሹፌሮች የሚጎዱትም እሱን ነው። ዘይቱ ሲቆም በጋለው ዘንግ ላይ ይከሰላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ብሎኩ ላይ የሚከደነውን የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አንስተን በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተበልቶ አገኘነው። ለመለዋወጫ ከክበቡ መዋጮ የተሰበሰበ ገንዘብ ነበረን። እኔ ራሴ ሄድኩ። ሻጩ የፕራዶ 3,000 ሲሲ ናፍጣ ስለው አንድ ጋስኬት አወጣ። ቁጥሩ አልገጥም ስላለኝ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ የሲሊንደሩ ስፋት ስንት ነው?» አለኝ። 96 አልኩት። «96 ከሆነ ይገጥማል!» ብሎ ጠቀለለልኝ። ይዤ ተመለስኩ።

ልጆቹ ብሎኩ ላይ ሲዘረጉት አራቱ ትልልቅ ክቦች ልክክ አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ አንድ ዝምተኛ የ11ኛ ክፍል ልጅ ጎንበስ ብሎ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በሽቦ መነካካት ጀመረ። «ቲቸር፣ ይሄኛው ድፍን ብረት ላይ ነው የሚያርፈው።» እውነቱን ነበር። የያዝነው ጋስኬት የ1ኬዲ-ኤፍቲቪ ነበር። እሱም 96 በ103 ነው፣ እሱም 2,982 ሲሲ ነው፣ እሱም ፕራዶ ላይ ይገጠማል። ከአንገት በላይ ግን ሌላ ሰው ነው። የእኛው አንድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) እና 8 ቫልቭ አለው፤ ናፍጣውን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ያቃጥላል፤ አየሩን 21.2 እጥፍ ይጨምቃል። 1ኬዲ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ገበያ ላይ የወጣ ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቧንቧ የሚያከፋፍል) ነው። ሁለት ካምሻፍት፣ 16 ቫልቭ፣ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ፣ ጭመቃውም 17.9 ነው። ልኩ አንድ የሆነ ሁሉ ይለዋወጣል ማለት የአንድ አገር ሰዎች ሁሉ አንድ ጫማ ይልካቸዋል እንደማለት ነው።

ሻጩ መልሶ አልወሰደውም። አልፈርድበትም፣ ቁጥሩን አይቼ እያለ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጋስኬቱ አሁን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ልጆቹ «96» ብለው ጽፈውበታል። ደግሞ ትክክለኛው ጋስኬት እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ውፍረቱ ይለያያል። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚል በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚለካ መሣሪያ) ተለክቶ ነው የሚመረጠው። ጌጁን ከአንድ ጋራዥ ለሁለት ቀን ተውሰን ለካን።

ዓመቱን የበላው ግን ቴስታታው ነው። አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኩ ብረት። አሉሚኒየም ሲሞቅ የብረቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተሩ ሲግል አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል። ቀጥ ያለ ብረት አጋድመን ከሥሩ ብርሃን ስናይ መሀሉ መጉበጡ ታወቀ። ስንጥቁን ለማግኘት ግን መሣሪያ አልነበረንም። የነበረን ነጭ ጋዝና ጠመኔ ነው። ጋዙን በቫልቮቹ ዙሪያ ቀባን፣ አስር ደቂቃ ጠበቅን፣ በጨርቅ አደረቅን፣ የተፈጨ ጠመኔ ነፋንበት። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ነጩ ዱቄት ላይ በሁለተኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች መካከል ፀጉር የምታክል እርጥብ መስመር ቀስ ብላ ወጣች። ስንጥቅ። የሁለት ጊዜ እድሳት ገንዘብ የፈሰሰባት መስመር ያቺ ናት። ይህ ሞተር በዚህ በሽታ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ከጋለ አይምርም።

ታዲያ ለምን ጋለ? ጥር ላይ ፊዚክስ ክፍል ሄደን ቴርሞሜትር ተዋስን። ድስት ውሃ ጣድን። ልጆቹ ሁሉ 100 ብለው ተወራረዱ። 96 ላይ ፈላ! ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ተባለ። አልተበላሸም። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚያ የሞተሩን የራዲያተር ክዳን አወጣን። ላዩ ላይ 0.9 ተጽፏል። ይህ ክዳን በጤናው ግፊቱን ይዞ እዚሁ ድሬ ውስጥ ውሃውን እስከ 116 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ያቆየዋል። የእኛው ክዳን ጎማው ደርቆ እንደ ብስኩት ተሰበረ። እንግዲህ አስቡት፣ ሃያ ዲግሪ የሚሆን መጠባበቂያ በአንድ የጎማ ቀለበት ሄደ። በዚያ ላይ ውስጡ ኩላንት (ለራዲያተር የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነበር፤ ራዲያተሩን ስንገለብጠው ዝገትና ነጭ ቅርፊት ወረደ።

ሚያዝያ ላይ ሐረር ሄድን። ለጉብኝት ተብሎ ነው የተፈቀደልን፤ እኛ ግን ድስትና ምድጃ ይዘናል። የተጓዝንበት ሚኒባስ 5ኤል ሞተር ነበረው። የደንገጎን ዳገት ስንጀምር በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ማቃሰት ያዘ። አንድ ፕራዶ ፉት ብሎ አለፈን። «ይሄም 3 ሺህ፣ ያም 3 ሺህ፤ ምንድን ነው?» ያለኝን ልጅ ልስመው ምንም አልቀረኝ። 5ኤል 2,986 ሲሲ ነው፤ እንዲያውም በ4 ሲሲ ይበልጣል። ግን ተርቦ የለውም። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ሞተሩ የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ለናፍጣው የሚበቃ ስላልሆነ ይጨሳል። ተርቦ ያለው አየሩን በኃይል ገፍቶ ያስገባል። ይህን በሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። የገባቸው ደንገጎ ላይ ነው።

ሐረር ላይ ውሃው 94 ላይ ፈላ። ፈረስ መጋላ ቆመው የነበሩት የፔጆ 404 ታክሲ ሹፌሮች ምን እንደምናበስል ሊያዩ ከበቡን። አንዱ «ሻይ ቅጠሉስ?» አለ። ልጆቹ ሻይ አይደለም ብለው ስለ ራዲያተር ክዳን ሲያስረዱት ኮፈኑን ከፍቶ የራሱን ክዳን አሳያቸው፤ በላስቲክ ከረጢት የታሰረ ነው። መርሴዲስ በ1978 እ.ኤ.አ. ተርቦ ናፍጣ የቤት መኪና ለገበያ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። በዓመቱ የተከተለው የእነዚህ ታክሲዎች ታናሽ ወንድም ፔጆ 604 ነው። ይህን ስነግራቸው ሹፌሩ ከእኔ ይልቅ ኮራ። ከዚያ ልጆቹ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ አለ ሲባሉ ጋራዥ መስሏቸው እየሮጡ ሄዱ። ልብስ ሰፊዎች አገኙ። መኪናው የስፌት መኪና ነው።

ግንቦት ላይ ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ሁለት ከሰዓት ፈቀደልን። እዚያ ያየነው 1ኬዲን ነው። የእሱ በሽታ ደግሞ ሌላ ነው። ናፍጣ ከሚረጨው ኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታፈስ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ካርቴሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ የዘይት ፖምፓው የሚስብበት ወንፊት ይደፈናል። መካኒኩ ዘይቱን አፍስሶ በማፍሰሻው ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገባና ስልኩ ላይ አሳየን። ወንፊቱ ግማሹ ጥቁር ነው። «ይሄን ሰውዬ የዘይት መብራት ሳይበራበት ደርሼለታለሁ» አለ። አንዷ ልጃችን ቀለበቷ ስንት ብር እንደሆነች ጠየቀችው። ሲነግራት «እና ሞተሩስ?» አለች። እሱ ሳቀ፤ አልመለሰላትም።

ስለ ሒሳባችን ባጭሩ፦ ትክክለኛው ጋስኬት በወላጆች ተገዛ፤ ያገለገለ ግን ያልተሰነጠቀ ቴስታታ ያው ሞተሩን የሰጡን አባት ፈልገው አመጡልን፤ ጠመኔ ነፍተን ነው የተቀበልነው። ብሎኖቹን በቅደም ተከተል አጠበቅን። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ሙሉ ሆነ። ባትሪ ተዋስን፣ ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ።

አልነሳም።

ያቺ «ኢ» ናት። ፖምፓው ናፍጣ የሚለቀው ኮምፒውተሩ ሲያዘው ነው። ኮምፒውተሩና የኤሌክትሪክ ገመዱ ደግሞ መኪናው ላይ ቀርተዋል፤ መኪናው ተሸጧል። ዓመቱን ሙሉ በስሙ መጨረሻ ላይ ተጽፎ እያየነው ነበር። ያገኘነው መፍትሔ የታላቅ ወንድሙን የ1ኬዜድ-ቲን ፖምፓ መግጠም ነው። እሱ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ በሌላ አገርም ሰዎች ለውጠው ይነዱበታል። ልጆቹ «96 ነው?» ብለው ይቀልዱብኛል።

ፖምፓው ያለው ወይም ያለበትን የሚያውቅ ወላጅ ካለ፣ ክረምቱንም ቢሆን ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ አለን። እባካችሁ ስትመጡ የፖምፓውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አምጡልን።