የዘገየ መልስ፦ ስለ ላኦ አረጋውያንና ስለ ነጩ ክር

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሚኒሶታ ብርድ ብቻ ከዓመት ዓመት አልለመድ ብሎኛል። የመጨረሻ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ደብዳቤ፣ ጠበል ገብተው የስኳር መድኃኒታቸውን ስላቋረጡና ራሳቸውን ስተው ወደ ሕክምና ክፍልሽ ስለመጡ አንዲት እናት ካጫወትሽኝ በኋላ፣ «እናንተ እዚያ የበሽተኛው እምነትና ሕክምናው ሲጋጩ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልስ ሳጣ ዝም አልሁ፤ ዝምታው ሲረዝም ደግሞ እፍረት ተጨመረበትና ጭራሹን ጠፋሁ። አሁን የመልሱን ጥቂት ያገኘሁት ባላሰብሁት ቤት፣ ከላኦስ ተሰደው በመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዘንድ ስለሆነ፣ ይቅርታሽን እየለመንሁ እርሱኑ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

የሆስፒታል ሥራዬን ከተውሁ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞርሁ አረጋውያንን እከታተላለሁ፤ ከምጎበኛቸው መካከልም ብዙዎቹ ላኦዎች ናቸው። አገራቸው በታይላንድና በቬትናም መካከል የምትገኝ፣ የባሕር በር የሌላት አገር ስትሆን፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ድረስ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥለውባታል። ደርግ ጃንሆይን ባወረደ በዓመት ከሦስት ወሩ ግድም፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1968 ዓ.ም.፣ የእነርሱም ንጉሥ ዙፋናቸውን ለቅቀው ኮሚኒስቶቹ መንግሥቱን ያዙ። ከንጉሡ መኮንኖችና ሹማምንት ብዙዎቹ «ሳመና» ወደሚባሉት የተሃድሶ ካምፖች ተጋዙ፤ ያመለጠው ደግሞ የሜኮንግን ወንዝ በሌሊት በታንኳም በዋናም እየተሻገረ ታይላንድ መጠለያ ገባ። አንድ አዛውንት ይህን ሲያጫውቱኝ መተማን በሌሊት አቋርጦ ሱዳን የገባው አጎቴ ትዝ አለኝ። ሁለቱም አሜሪካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው በዚያው በአንዱ የስደተኞች ሕግ ነበርና እርሳቸውን እንደ ዘመድ ማየት የጀመርሁት ያን ዕለት ነው።

የምነግርሽም የእኚሁኑ አዛውንት ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሲሆን፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሲመረመሩ የሐሞት ቱቧቸው በዕጢ ተዘግቶ ተገኘ። በላኦስና በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ከወንዝ ዓሣ የሚገኝ የጉበት ትል አለ፤ ጥሬውን ዓሣ በሎሚና በቃሪያ ለውሶ የበላ ሰው ውስጥ ገብቶ በሐሞት ቱቦ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፣ ውሎ አድሮም የካንሰር ምክንያት ይሆናል። እኛ ጥሬ ሥጋ በልተን ኮሶ እንደምንጠጣ ሳስበው በእነርሱ ለመፍረድ አፌ አልተከፈተም። ብቻ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም አርባ ዓመት እዚህ የኖረን ሰው «በልጅነትህ ጥሬ ዓሣ ትበላ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዲያው ላይመጣለት ይችላል።

ለቀዶ ጥገና ከመግባታቸው በፊት ቤተሰቡ «ሱ ክዋን» አደረገላቸው፤ «ባሲ» እያሉም ይጠሩታል። በላኦዎች እምነት የሰው አካል ሠላሳ ሁለት «ክዋን» አለው፤ እያንዳንዱም የአካሉን አንድ ክፍል የሚጠብቅ መንፈስ ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲታመም ወይም ሩቅ አገር ሲሄድ ከእነዚህ አንዱ ወይም ብዙው ተለይቶት ይጠፋል፤ ስለዚህ ከሕመም በፊትም በኋላም፣ በሠርግም በስንብትም፣ ጠርቶ መመለስ ያስፈልጋል። በሙዝ ቅጠልና በአበባ የተሠራ እንደ ማማ የቆመ ነገር መሐል ላይ ይቀመጣል፤ የተቀቀለ እንቁላልና በእጅ እየተጠቀለለ የሚበላው ሩዛቸው ይቀርባል፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ክዋኖቹን በግጥም እየጠራ «ከጫካም ከወንዝም ተመለሱ» ይላል፤ ከዚያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እየመረቀ በበሽተኛው እጅ አንጓ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ያስራል። ይህ ልማድ ከቡድሃ እምነት በፊት የነበረ ነው ይባላል፤ እነርሱ ግን አንዱን ከሌላው አይለዩትም። ለእኔም አሰሩልኝ። ክሩ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ቢወልቅም ይፈታል እንጂ አይቆረጥም።

ምን ሆነ መሰለሽ? ሆስፒታሉ ውስጥ ካኑላ፣ ማለት በደም ሥር የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ የምትተክለው ልጅ ከኢንፌክሽን ለመከላከል ብላ ክሮቹን በሙሉ በመቀስ ቆርጣ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው። እርሳቸው ፈገግ አሉ እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን እህል አልቀምስ አሉ፤ በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን «ወደ ቤት ውሰጂኝ» አሏት፤ በካርዳቸው ላይም «ታካሚው ለሕክምናው ፈቃደኛ አይደሉም» ተብሎ ተጻፈ። አንቺ የአንዲት የገጠር እናት ማተብ እንዲህ ተቆርጦ ሲጣል ብታይ ምን ይሰማሽ እንደነበር አውቃለሁ። ልጅቷን ግን መውቀስ አልችልም፤ ክሩ ሲታሰር እዚያው የተቀመጥሁት፣ ትርጉሙንም የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የደም ግፊታቸውንና የመድኃኒታቸውን ዝርዝር አሳምሬ ስሞላ ስለ ክሩ አንዲት መስመር መጻፍ አላሰብሁም። አሁን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ «የእጅ ክሩ አይቆረጥ፤ ወደ ክንድ ከፍ ይደረግ ወይም በፋሻ ይሸፈን፤ የግድ መውጣት ካለበት ቤተሰብ ይፍታው» ብዬ እጽፋለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሐኪሙ የሐሞት ቱቧቸው መዘጋቱን ሲያስረዳቸው «ካም ነው» ብለው ስለመለሱለት፣ አስተርጓሚውም ቃሉን «ዕጣ ፈንታዬ ነው» ብሎ ስላስተላለፈው፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጠዋል ተባለ። እኔም ለረጅም ጊዜ «ካም» እንደ እኛ «ዕድሌ ነው» ይመስለኝ ነበር፤ እነርሱ ሲያስረዱኝ ግን የቃሉ መሠረት «ሥራ» ማለት ሆኖ አገኘሁት። እኛ «የእጁን አገኘ» የምንለውን ያህል ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ «ካም» ካለፈው ሕይወት ይጀምራል፣ የሚመጣውንም ሕይወት ይነካል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና ዛሬ እየተሠራ ያለ ነገር መሆኑ ነው። መልካም ሥራ «ቡን» ያስገኛል፤ ለመነኮሳት ምግብ መስጠት፣ ወላጅን መጦር፣ በሽተኛን ማስታመም ሁሉ «ቡን» ነው። ስለዚህ «ካም ነው» ያለ ሰው «ለምን እኔ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጠ እንጂ መድኃኒት አልወስድም አላለም።

ይህን ይበልጥ ለመረዳት ብዬ ወደ ዋታቸው፣ ማለት ወደ ቤተ መቅደሳቸው፣ ሄጄ ከአንድ መነኩሴ ጋር ተጫወትሁ። ከሴት እጅ ወደ እጅ ስለማይቀበሉ፣ ይዤው የሄድሁትን ብርቱካን በዘረጉት ጨርቅ ላይ አስቀመጥሁላቸው። ፓሊ በሚባለው ጥንታዊ ቋንቋ ከተጻፉት መጻሕፍታቸው የነገሩኝ ታሪክ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ ሲቫካ የሚባል አንድ ተጓዥ ባሕታዊ ቡድሃን «ሰው የሚሰማው ሁሉ ካለፈው ሥራው የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ቡድሃም ሕመም ከሐሞት፣ ከአክታ፣ ከነፋስ፣ ከሦስቱ መቀላቀል፣ ከወቅት መለዋወጥ፣ ከአያያዝ ጉድለትና ከድንገተኛ ጉዳት ሊመጣ እንደሚችል ቆጥረው የሥራን ፍሬ በስምንተኛነት ጠቀሱ፤ ሁሉን ነገር ካለፈ ሥራ ጋር የሚያያይዙትንም ተሳስተዋል አሏቸው። ከእኛ መካከል የቡድሃን እምነት «ሁሉን ለዕጣ የሚተው» እያለ በስብሰባ ላይ የሚያስረዳው ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

መነኩሴው በሌላም ነገር ረድተውኛል። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት በጾም ሦስት ወራቸው፣ በክረምቱ ማለት ነው፣ በተለዩ ቀናት ስምንቱን ትእዛዛት ይጠብቃሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አለመቅመስ ነው። ማታ ማታ ስኳራቸው እየወረደ ሁለት ጊዜ ወድቀው ተገኙ። እኔ «አይጹሙ» ብላቸው ኖሮ «እሺ» ብለው በስውር ይጾሙ ነበር። መነኩሴው ግን ለታመመ መነኩሴ እንኳ ከቀትር በኋላ ቅቤ፣ ንጥር ቅቤ፣ ዘይት፣ ማርና የሸንኮራ አገዳ ስኳር እንደ መድኃኒት መፈቀዱን ነገሯቸው፤ ሐኪሙም በእነዚያ ቀናት የሚወሰደውን መድኃኒት ወደ ጠዋት አዛውሮ መጠኑን ቀነሰ። አሁን የማር ጠርሙስ ከአልጋቸው አጠገብ አለ፤ ትእዛዛቸውም አልፈረሰም።

ስለ «እሺ» ያነሣሁትን ነገር ጥቂት ልግፋው። ላኦዎች «ኬንግ ቻይ» የሚሉት አለ፤ እኔ ከይሉኝታ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። ሌላውን ላለማስቸገር፣ በተለይ የተማረን ሰው ፊት ላለማሳፈር፣ አንገትን ነቅንቆ ዝም ማለት ነው። ነጮቹ ባልደረቦቼ ይህን ስምምነት አድርገው ይጽፉታል፤ እኔና አንቺ ግን በዚሁ ውስጥ ስላደግን ልንታለል አይገባንም ነበር፣ እኔ ግን በሥራ ጥድፊያ ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ። አንድ ቀን መሳቢያ ስከፍት የስድስት ወር የግፊት ኪኒን ሳይነካ ተደርድሮ አገኘሁት። ዛሬ «ይወስዳሉ?» ብዬ መጠየቁን ትቼ «ስንት ቀረልዎት? አብረን እንቁጠረው» እላለሁ። የልጅ ልጃቸውንም አስተርጓሚ አላደርግም፤ ሽማግሌ ሰው ስለ ሽንቱና ስለ ሞቱ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንደበት አይናገርም።

ስለ ሞት ካነሣሁ፣ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። የአዛውንቱ ልጆች ምርመራው ያመጣውን ለአባታቸው እንዳንነግር ለመኑን፤ መጥፎ ነገርን መናገር ራሱ ክፉውን ይጠራዋል ብለው ይፈራሉ። እኛም መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንጂ በስልክ የማናረዳ ሰዎች ስለሆንን ገባኝ። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች ለታካሚው በመጨረሻው ሰዓት ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ የማስፈር መብት እንዳለው እንዲያሳውቁት ያስገድዳል፤ በሳመና ዘመን ሳያነብ የፈረመ ሰው ደግሞ ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል። መፍትሔው የተገኘው «ማን እንዲሰማልዎት ይፈልጋሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ነው። «ታላቋ ልጄ ትስማ፤ ለእኔ ግን መነኮሳቱ መቼ መምጣት እንዳለባቸው ብቻ ንገሩኝ» አሉ። ያውቁ ነበር ማለት ነው።

መነኮሳቱ የተፈለጉበት ምክንያት አለ። በእምነታቸው ሰው ሲሞት የመጨረሻው ሐሳቡ ለሚቀጥለው ልደት ይጠቅመዋል ወይም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ አእምሮው ጠርቶ፣ የሠራውን «ቡን» እያስታወሰ፣ ጸሎት እየሰማ እንዲያልፍ ይፈልጋሉ። አዛውንቱ የሥቃይ ማስታገሻውን ሞርፊን አሻፈረኝ ያሉት ሥቃይ ወድደው ሳይሆን መደንዘዙን ፈርተው ነበር። ከሐኪሙና ከልጆቻቸው ጋር ተመካክረን ሌሊት እንቅልፍ እንዲሰጣቸው መጠኑ ከፍ እንዲል፣ መነኮሳቱ በሚመጡበት ጠዋት ግን ሥቃዩን ብቻ የሚያስታግስ እንዲሆን ተደረገ። ፍጹም አልነበረም፤ አንዳንድ ጠዋት ጥርሳቸውን ሲነክሱ አይቻለሁ። በቤታቸው፣ አዲስ ክር በእጃቸው ታስሮ፣ ጸሎቱን እየሰሙ አረፉ።

ከዚያ በኋላ መነኩሴው አንድ ነገር አጫወቱኝ። ቡድሃና ደቀ መዝሙራቸው አናንዳ በመነኮሳት ማደሪያ ሲዞሩ በተቅማጥ ታሞ በገዛ ቆሻሻው ላይ የወደቀ፣ ማንም ያልጠየቀው መነኩሴ አገኙ፤ ቡድሃ ራሳቸው ውኃ አፍስሰው፣ አናንዳ አጥቦት፣ ተሸክመው አልጋ ላይ አስተኙት፤ እኔን ማገልገል የሚወድ በሽተኛውን ያስታምም ብለውም አዘዙ። እኛ የተማርነውን የማቴዎስን ወንጌል ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ አስታወሰኝና በመኪናዬ ውስጥ ብቻዬን አለቀስሁ።

እንግዲህ ያንቺ ጥያቄ። አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ለሕሙማን ማስተማራቸውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ፤ ስለዚህ የእኚያ እናት ነገር የእምነትና የሕክምና ግጭት መሆኑን አሁን እጠራጠራለሁ። ምናልባት ኪኒኑ «ከምግብ ጋር» የሚል ነበር፣ ጠበሉ ደግሞ በባዶ ሆድ። እባክሽ ምን እንደደረሱ ጻፊልኝ፤ ጠበሉ በስንት ሰዓት እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት ሳይቀምሱ እንደሚቆዩ የጠየቃቸው ሰው ነበር? ለእናትሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ የጠፋችው እህትሽ