ለብየዳ ሠልጣኞች ኤሌክትሮድ፣ ቁርጥራጭ ብረትና ዋስ እንፈልጋለን

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች፣ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ፤

ትምህርት አቋርጠው ያለ ሥራ የተቀመጡ 20 ወጣቶች ኮምቦልቻ በሚገኝ ኮሌጅ ወርክሾፕ ለሦስት ወር ብየዳ እንዲሠለጥኑ እያዘጋጀን ነው። ማሽን አንለምንም፤ ማሽኑም አሠልጣኙም አለ። የሚያልቅብን ፍጆታው ነው።

ሒሳቡን እዩት። ጀማሪ እጁ እስኪረጋ በቀን 20 ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ዘንግ) ይፈጃል፤ ለ20 ሰው 400 መሆኑ ነው። ባለ 3.2 ሚሊሜትሩ የ5 ኪሎ ፓኬት 150 ገደማ ስለሚይዝ በቀን ሦስት ፓኬት ግድም ያልቃል። ኤሌክትሮድ ሲጠፋ አንዱ ይበይዳል፣ አሥራ ዘጠኙ ቆሞ ያያል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ደግሞ በእጅ አሠርቶ ነው የሚመዝን፤ ቆሞ ያየው ይወድቃል። ፓኬቱን ሳትከፍቱ ስጡን። እርጥበት የገባው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፣ በክረምት በተለይ።

በር፣ መስኮትና ጋራዥ የምትሠሩ፣ ቁርጥራጭ አትጣሉ። ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንግል ወይም ላሜራ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃናል። ከ3 በታች የሆነውን ጀማሪ ይበሳዋል። ዚንክ የተነከረ ቱቦና ቆርቆሮ ግን አደራ ይቅርብን፤ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል። ጭምብል የምትገዙልን የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። በየመንገዱ በፀሐይ መነጽር ሲበየድ የምታዩት ዓይን ማጥፊያ ነው።

«ኢንዱስትሪ ፓርኩ እያለ ለምን ስፌት አይሆንም?» ትሉ ይሆናል። መስፋትን የልብስ ፋብሪካ ቀጥሮ ያለማምዳል፤ በያጅን ግን ቀጣሪዎች ችሎ እንዲመጣ ነው የሚፈልጉት።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የሚቀር ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰንፎ አይደለም፤ የባጃጅና የምሳ አጥቶ ነው። የገንዘብ መዋጯችሁ መጀመሪያ ለዚህ፣ ቀጥሎ ለምዘና ክፍያ ይውላል።

ገንዘብ የሌለው ዋስ ይሁንልን። ሠልጥኖ ያለፈ ልጅ ሊቀጠር ሄዶ መታወቂያና ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ሲባል በር ላይ ይቀራል፤ ተፈናቅሎ የመጣ ከሆነማ ማን ያውቀዋል? ለአንድ ልጅ አንድ ፊርማ ብቻ።

ገንዘብ ለኮሌጁ ፋይናንስ በደረሰኝ፣ ዕቃ ለንብረት ክፍል በሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ይገባል። ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ፣ ለእኛም ቢሆን። ደሴ የሚሰበሰበውን ብረት የሚያወርድልን መኪና አላገኘንም፤ ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አይሱዙ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ብታውሱን ይበቃል።