ሞዲፋይ የተደረገው መኪና የድሮ ዕቃው የት አለ?

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ያገለገለ መኪና ስለመግዛት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ትክክል ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማሁም። ሞዲፋይ የተደረገ፣ ማለትም የፋብሪካ ዕቃው በሌላ የተቀየረ መኪና ከሆነ በሩን እንኳ ሳትከፍቱ ሂዱ ይላል። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ጋራዥ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለው ምክር ልጆቻችንን አያስቆማቸውም። ተደብቀው ይገዛሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ መኪናው በጎታች ተጭኖ እኔ ጋ ይመጣል።

አሁን ነገሩ ቤቴ ገብቷል። የእህቴ ልጅ 22 ዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት መጋዘን እየሠራ ገንዘብ አጠራቅሟል። የሚፈልገው ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ የሚባለውን ፈጣን መኪና ነው፣ ሌላ መኪና አታሳዩኝ ብሏል። እህቴ ደውላ «ወንድሜ፣ እባክህ አንተ ተው በለው» አለችኝ። እሱ ደግሞ «ጋሼ፣ አንተ አይተህ ጥሩ ነው ካልክ እማዬ ብድሩን ትፈርምልኛለች» አለኝ።

መኪናውን ለምን እንደወደደው ይገባኛል። አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 300 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። የመጨረሻው የ2021 ሞዴል ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተሠራም። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ያገለገለ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ የሆነ ነገሩ ተነክቷል። ያልተነካ ፈልግ ማለት ቀላል ነው። ማግኘቱ ነው ጣጣው።

ይህ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር የታወቀ ድክመት አለበት። ፒስተኑ ላይ ፋሻው (ቀለበቱ) የሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀውም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ያለ ሰዓቱ ሲፈነዳ ነው። ልጆቹ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ይቀይራሉ፣ ድምፁ ያምራል። ኮምፒውተሩ ግን የሚገባውን አየር የሚያሰላው በድሮው ቱቦ ስፋት ስለሆነ ልኩን ይስታል፣ ነዳጅ ያሳንሳል፣ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ እየተቀጠቀጠ ባለቤቱ በድምፁ ተደስቶ ይነዳል። ቱቦውና ማርሚታው ሲቀየር ኮምፒውተሩም እንደገና መስተካከል አለበት፤ ልጆቹ ቱን ማድረግ ይሉታል። በደንብ የተሠራ ቱን ሞተሩን ይጠብቀዋል፣ ባልባለሙያ የተሠራው ይገድለዋል። ለዚህ ነው ዕቃው ምን ያህል ውድ ነው ከማለት በፊት ማን ሠራው ብዬ የምጠይቀው።

የመጀመሪያውን ያየነው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ ነው። የ2016 ሞዴል፣ ሰማያዊ፣ ቸርኬው ወርቃማ። ልጁ ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱ በራ። ሻጩ 21 ሺህ ዶላር አለ። እኔ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጄ ነካሁት፤ ይፋጃል። በስልክ «እስክንመጣ እንዳታስነሣው» ብዬ ለምኜው ነበር። ሞተር በደንብ የሚናገረው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሣ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ጭሱም ኳኳታውም ሊደበቅ ይችላል።

ቱኑን ማን ሠራው? ጓደኛዬ አለ። ወረቀት? የለም። ቱን የተደረገበት መሣሪያስ? ሸጬዋለሁ አለ። እዚህ ጋ አንባቢ ልብ ይበል። አክሰስፖርት የሚባለው መሣሪያ ከአንድ መኪና ጋር ይጣመራል፣ ከዚያ መኪና ካልተፈታ ለሌላ አይሠራም። ፈትቶ ከሸጠው ኮምፒውተሩ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመልሷል ማለት ነው፤ ቱቦውና ማርሚታው ግን እንደተቀየሩ ናቸው። እንዲህ እያለ ስንት ሺህ ማይል እንደነዳው እሱ ነው የሚያውቀው።

ቀጥዬ የድሮ ዕቃውን ጠየቅኩ። ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው። ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ከመኪና የተፈታ ዕቃ የሆነ ቦታ እንዳለ ያውቃል። ለመኪናው የሚጠነቀቅ ሰው የፋብሪካውን ዕቃ በካርቶን አድርጎ ያስቀምጣል፣ ምክንያቱም አንድ ቀን መልሶ ሊገጥመው ወይም ከመኪናው ጋር ሊያስረክበው ያስባል። የማናሳሱ ልጅ ጥዬዋለሁ አለኝ። ከጣለው ውስጥ ካታሊቲክ የሚባለው የጭስ ማጣሪያ ይገኝበታል። እሱን ማውጣት በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ክልክል ነው። እኛ አካባቢ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለበት፣ በየዓመቱ ደግሞ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ የደህንነት ምርመራ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት የለም ብላችሁ አትታለሉ። መብራቱን ከሽያጩ በፊት ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ገና ራሱን መርምሮ እንዳልጨረሰ ተራ ማንበቢያ መሣሪያም ያሳያል።

ለማንኛውም ሻጩ መኪናውን ጋራዥ እንድንወስደው ፈቀደ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ካንዴላዎቹን አውጥተን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት ለካን። ሦስቱ ሲሊንደሮች 140 አካባቢ ሰጡ። አራተኛው 90። የእህቴ ልጅ መለኪያውን ራሱ ያዘው፣ ራሱ አነበበው፣ «ድገመው» አለኝ። ደገምነው። ያው 90። ይህን ሞተር አፍርሶ ማደስ የመኪናውን ዋጋ ሲሶ ያህል ይበላል። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም፣ ከዚያም በኋላ ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሣም። አልተቀየምኩትም። ስንት ሌሊት የሠራበትን ሕልም ነው የነጠቅኩት።

ባለፈው ሳምንት ራሱ ደወለ። ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ውስጥ ሌላ አግኝቷል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ይሄም ተነክቷል፤ ሞላው ዝቅ ብሏል፣ ማርሚታው ተቀይሯል፣ ቱን ተደርጓል። ግን ማጣሪያው በቦታው አለ። የዘይት ቅያሬ ደረሰኞቹ አሉ። ቱኑን የሠራው ሱቅ ወረቀት አለ፣ መሣሪያው ከመኪናው ጋር ይሰጣል፣ የድሮው ሞላና ማርሚታ ጋራዣቸው ውስጥ በካርቶን ተቀምጧል። ዋጋው ከማናሳሱ በ2 ሺህ ዶላር ይበልጣል። እኔ ያንን 2 ሺህ ዶላር ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው። በናንተ ጽሑፍ ቢሆን ግን ሁለቱም መኪና እኩል ይጣል ነበር።

አሁን ለወላጆች። ኮሳይን አድርጋችሁ፣ ማለትም ለልጁ ብድር አብራችሁ ስትፈርሙ ዕዳው የልጁ ብቻ አይደለም፣ የናንተም ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ከ25 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ያውም ለእንዲህ ዓይነት መኪና፣ ከወሩ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። የተቀየረውን ዕቃም ለኢንሹራንሱ ድርጅት አንድ በአንድ ንገሩ፤ ሳትነግሩ አደጋ ቢደርስ ካሳ ላይ ሊከራከሯችሁ ይችላሉ። እኔን ግን ከሞተሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው በ20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ፣ ወይም በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት ሆኖ አያልፍም። ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ዜግነቱን ገና እየጠበቀ ላለ ልጅ እንዲህ ያለ መዝገብ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ አስቡት። እህቴም የምትፈራው ይህንን ነው፣ እውነቷን ነው።

የልጁ አባት ደግሞ «ካልሆነለት አዲስ አበባ ልከን እንሸጠዋለን» ይላል። ይህ ሐሳብ አይሠራም። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። እዚህ የተገዛ እዚሁ ነው የሚቀረው።

እህቴ እስካሁን አልፈረመችም። ቅዳሜ የፍሬድሪኩን መኪና ስንለካ ውጤቱን አይቼ ነው ብላለች። ፍሬድሪክ የምንደርሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ሰውዬውም መኪናውን ከዓርብ ማታ ጀምሮ እንደማይነኩት ቃል ገብተውልናል። ልጁ ትናንት መጥቶ የኮምፕሬሽን መለኪያዬን ወስዷል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ