ስለ ጥሬ ምግብ ስትጽፉ ያልጻፋችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሐዋሳ ከተማ በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገልኩ፣ የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጥሬ ምግብ አመጋገብ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዕር ያስነሣኝ ጽሑፉ ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ እውነት ይዞ ሳለ አንባቢው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ሳይነግረው በማለፉ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በበዓል እትማችሁ ስለ ቁርጥ ሥጋ የተጻፈ ሰፊ ሐተታ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከታቸው፣ አንዱ አትክልትን እንደ መድኃኒት፣ ሌላው ሥጋን እንደ ባህል ኩራት ቢያቀርቡም ጉድለታቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ በሁለቱም ውስጥ ጥሬ የሚበላው ነገር ከየት እንደመጣ፣ በምን ውኃ እንደታጠበና ማን ሊበላው እንደማይገባ የምትናገር አንዲት መስመር የለችም።

ጉዳዩ የእናንተ ጋዜጣ ብቻ አይደለም። ጠዋት ሬዲዮ ሲከፈት፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ፣ አንድ እንግዳ ቀርቦ እሳት ያልነካው ምግብ ብቻ መብላት ደም እንደሚያጠራ፣ ከሰውነት መርዝ እንደሚያስወጣ፣ ስኳርን፣ ግፊትንና ጨጓራን፣ አልፎ ተርፎም ካንሰርን እንደሚያድን ይናገራል። አዘጋጁም «ይህን በምን አወቁ?» ሳይል አመስግኖ ይሸኘዋል። ይህ አመጋገብ ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ ማክሲሚሊያን ቢርኸር-ቤነር የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በዙሪክ ሕሙማኑን በጥሬ ፍራፍሬና አትክልት ማከም ጀምሮ ነበር። የዛሬዎቹ ጥብቅ ተከታዮች ደግሞ ምግብ ከ40፣ ቢበዛ ከ48 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ የለበትም ይላሉ፤ ምክንያታቸውም ሙቀት በምግቡ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ይገድላል የሚል ነው። ሙቀት ኢንዛይምን ማበላሸቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ኢንዛይም በጥሬው ቢበላም አብዛኛው የጨጓራ አሲድ ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል፤ ምግብ የሚፈጭልን ኢንዛይም የገዛ ሰውነታችን የሚያመነጨው ነው። አዘጋጁ አንድ ሐኪም ወይም አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ከእንግዳው ጎን ቢያስቀምጥ ይህ በሁለት ደቂቃ ይገለጥ ነበር።

ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ መልካም መሆኑን የምክድ ሰው አይደለሁም። ቫይታሚን ሲ በመቀቀል ይቀንሳል፤ ቃሪያ ስንግ፣ ሰላጣና የባቄላ እሸት ያደግንባቸው ናቸው። ዳሩ ግን ቲማቲም ሲበስል ሊኮፒን የሚባለውን ጠቃሚ ንጥረ ነገር ለሰውነት በተሻለ ይሰጣል፤ ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ በደንብ ካልፈላ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዛማ ፕሮቲን በውስጡ አለ፤ በደቡብ የሚመረተው ካሳቫም በአግባቡ ካልተዘጋጀ ሲያናይድ ያመነጫል። ቦሎቄ በብዛት በሚመረትበት በስምጥ ሸለቆ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ጥራጥሬውን ሁሉ ዘፍዝፋችሁ በጥሬው ብሉ የሚል ሰው ይህን ሳይናገር ማለፉ ያስደነግጠኛል።

ጥሬ ብቻ እየበሉ ዓመታት መኖር ምን እንደሚያስከትል የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ለረጅም ጊዜ በዚህ አመጋገብ የቆዩ ከ500 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ክብደታቸው በእርግጥ ቀንሷል፤ ሴቶቹ በአማካይ 12 ኪሎ ያህል ቀንሰዋል። መገናኛ ብዙኃን የሚያወሩልን እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። በዚያው ጥናት ከ45 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቶ ወይም ጨርሶ ቆሞ መገኘቱን ግን በአማርኛ ሲነገር አንድም ቀን አልሰማሁም። ለመክሳት ብላ የምታዳምጥ ወጣት ሁለተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር እኩል የመስማት መብት አላት።

ይህ ጉዳይ ቤቴ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። አንዲት ጎረቤቴ፣ እንደ እናቴ የማያቸው ሴት፣ ለዓመታት የስኳር እንክብል ይወስዱ ነበር። ከአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ጥሬ ምግብ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል ሲባል ሰምተው እንክብሉን ተዉት፤ በምትኩ ጠዋትና ማታ የቀይ ሥርና የካሮት ጭማቂ በብርጭቆ ይጠጡ ጀመር። ጥቂት ወራት ቆይተው ውኃ ጥም አላስቀምጥ ሲላቸው ልጃቸው ደግፋ ወደምሠራበት ቤት አመጣቻቸው። ጣታቸውን ወግቼ ያነሣኋት የደም ጠብታ በመለኪያው ላይ ከ400 በላይ አሳየች። ቁጥሩን ስነግራቸው ሻሻቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሬዲዮ ይዋሻል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ተኝተው ታክመው ዛሬ ደኅና ናቸው፤ እንክብላቸውንም ይወስዳሉ። እኚህ ሴት ሞኝ አይደሉም። ሬዲዮን የሚሰሙት ሰው አምነው እንጂ ተታልለው አይደለም፤ ያን እምነት የተቀበለ ሁሉ ደግሞ ኃላፊነቱንም አብሮ ተቀብሏል።

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ከገበያ የመጣ የሰላጣ ቅጠል በጨው ውኃ ታጥቦ፣ እጣቢው ዘቅጦ፣ ከዝቃጩ አንዲት ጠብታ በስላይድ ላይ ተደርጋ በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ በዓይን ሲያዩት ጤዛ የመሰለው ቅጠል ምን ተሸክሞ እንደነበር ይታወቃል፤ የወስፋት እንቁላል፣ የአሜባና የጃርዲያ ቋጠሮ። በጅማና በአርባ ምንጭ ገበያዎች የተሸጡ አትክልትና ፍራፍሬዎችን የመረመሩ የሀገራችን አጥኚዎች ከናሙናዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ጥገኛ ተሕዋስያን አግኝተዋል። በወንዝ ዳር በቆሻሻ ውኃ የሚለማ ሰላጣ በየከተማችን ይሸጣል። ስለዚህ ከአውሮፓ መጽሔት የተተረጎመ የሰላጣ ምክር እዚህ ሲታተም፣ እዚያ ሳይጻፍ የታለፈው የመስኖ ውኃና የአስተጣጠብ ጉዳይ እዚህ ዋናው ጽሑፍ መሆን ነበረበት።

ጽዳቱ የተሟላ በሚባልበት ሀገርም ቢሆን ጥሬ ምግብ ያለ ጥንቃቄ እንደማይሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ የደረሰው አሳይቷል። ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ አደገኛ ዝርያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞቱ። ብዙዎቹ በጤናማ አመጋገባቸው የሚተማመኑ ጎልማሳ ሴቶች ነበሩ። በሽታው የመጣው በጥሬው ከሚበላ ቡቃያ ነበር፤ ምርመራውም ከሁሉ ይልቅ ወደ አንድ የአብሽ ዘር አመለከተ፤ እኛ ቆልተንና ፈጭተን የምናውቀው አብሽ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለጋዜጠኞች የሚሆን ትልቅ ነገር አለ። ምርመራው ሳያልቅ የሐምቡርግ ባለሥልጣናት ጥርጣሬያቸውን በስፔን ዱባ መሰል ኪያር ላይ ተናገሩ፤ ወሬውም በጋዜጦችና በቴሌቪዥኖች በአንድ ቀን አውሮፓን አዳረሰ። ኪያሩ የበሽታው ምንጭ አለመሆኑ ሲታወቅ የስፔን ገበሬዎች ምርታቸው ተጥሎ ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ከስረው ነበር። ያለ ማስረጃ ማወደስ ሕመምተኛውን ይጎዳል፤ ያለ ማስረጃ መኰነን ደግሞ አምራቹን።

ስለ ጥሬ ሥጋ የሚነገረው ከዚህ የተለየ መልክ አለው። የውጭ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ፣ ማለትም ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጎንደር ቆይታውን ካሳተመ ወዲህ፣ ቁርጣችንን እንደ አስፈሪ ትዕይንት ሲያወሩት ኖረዋል። የእኛ መገናኛ ብዙኃን ለዚህ ንቀት መልስ በመስጠት ስሜት ይመስለኛል ቁርጥን ሲያነሡ ከውዳሴ በቀር አይናገሩም። እኔም ቁርጥ እበላለሁ፤ በባህሌም አላፍርም። ነገር ግን ባህሉ ሥጋውን ብቻውን አላወረሰንም። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ የኮሶ ትል ደግሞ በጥሬ ሥጋ ውስጥ ባለች፣ ከአተር ፍሬ በማትበልጥ ከረጢት ገብቶ አንጀት ውስጥ ለመጎልመስ ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ያለ ማይክሮስኮፕ ልኩን አግኝተውት ነበር ማለት ነው። እኛ ሥጋውን በፎቶግራፍ አድምቀን እናሳያለን፤ ኮሶውን ረስተነዋል፤ በምትኩ የመጣውን የሐኪም መድኃኒትም አንጠቅስም። ሥጋው በቄራ ቢመረመርም ከረጢቶቹ ጥቂት ከሆኑ ከመርማሪው ቢላ ሊያመልጡ እንደሚችሉ፣ ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ማቆየት እንደሚገድላቸው፣ በልብሱ ላይ የትሉን ነጭ ቁራጭ ያየ ሰው አፍሮ መደበቅ ሳይሆን ሰገራውን ማስመርመር እንዳለበት በአንድ አንቀጽ መጻፍ ይቻላል። በየበዓሉ ማግስት ወደ እኛ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ቀድመው የሰሙ አይደሉም።

የከተማችን ነገርም አለ። ካሜራ ይዘው ሐዋሳ የሚመጡ ጋዜጠኞች አሞራ ገደል የተባለውን የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ሳያሳዩ አይመለሱም። ልጆቹ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በፍጥነት ቆዳውን ገፍፈው፣ ፊሌቶውን አውጥተው፣ በጥሬው ከዳጣ ጋር ለእንግዳ ሲያቀርቡ ማየት ያስደስታል፤ ሥራቸውም የሚከበር ነው። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣዎች ውስጥ የጥገኛ ትል እጭ መገኘቱ የተጻፈ ጉዳይ ነው፤ በአሜሪካ የምግብ ቁጥጥር መመሪያ በጥሬው ለሚበላ ዓሣ ከሚመከሩት መንገዶች አንዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቆየት ነው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣው ከጀልባ በቀጥታ ወደ ሳህን ይሄዳል። እነዚያን ልጆች ከእንጀራቸው ለማፈናቀል ማንም አይጻፍ፤ ጠብሰውም ቀቅለውም ይሸጣሉና፤ ግን ፊልሙን የሚያየው ሰው፣ በተለይም እርጉዝ ከሆነች፣ ሕፃን ከያዘች፣ ወይም በሕመም አቅሙ የደከመ ከሆነ፣ የትኛውን ማዘዝ እንዳለበት ይነገረው።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው ከባድ አይደለም። ስለ ጥሬ ምግብ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንድ የጤና ባለሙያ ይየው፤ ያድናል የተባለ በሽታ ካለ ማስረጃው ይጠየቅ፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ በጽሑፉ መካከል፣ ከዋናው ጽሑፍ ባላነሰ ፊደል፣ ይጻፍ። የጤና ዓምዱን የሚያዘጋጀው ወይም የምታዘጋጀው ባልደረባችሁ ወደ ሐዋሳ ብቅ ካሉ ደግሞ ከገበያ አንድ እስር ሰላጣ ገዝተን እኔ አጥበዋለሁ፤ እሳቸው በማይክሮስኮፑ ወንበር ተቀምጠው ያዩትን እንዳዩት ይጽፉታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
ከሐዋሳ