አባዬ፣ ቁማር አይደለም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የባሕር ዳር ሙቀት ጀምሯል፤ የማርቆስ ብርድ እስኪናፍቀኝ ድረስ።

ባለፈው በስልክ ያነሱብኝን ነገር እዚያው ለመመለስ አልሆነልኝም። እርስዎ ስልክ ላይ ይቸኩላሉ። ሁልጊዜ ካርዱ የሚያልቅብኝ ይመስልዎታል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልሁ።

«ልጅዎ ካፌ ቁጭ ብላ ከአንድ ሰው ጋር ቁማር ስትጫወት አየናት» ያሉዎት ጎረቤት ዓይናቸው ደህና ነው። ካፌ ነበርሁ። ከፊቴ የተቀመጠው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ ልጆቹን ያሳደገ፣ ጾም የማይሽር ሰው። ስንገፋው የነበረው ግን ሳንቲም አይደለም። የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ የእሱ ተደፍቶ፣ የእኔ ተንጋሎ። ዳማ ነበር የምንጫወተው። የተሸነፈ የሻይ ይከፍላል። እሱንም ቁማር ካሉት እንግዲህ ይፍረዱብኝ።

ቁማር ለምን እንዳስፈራዎት ይገባኛል። በየመንገዱ ውርርድ ቤት ተከፍቷል። ወጣቱ የአውሮፓ ኳስ የተጻፈበት ወረቀት ጨብጦ ይውላል። እኔም ደስ አይለኝም። ዳማ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ካርታ ይበወዛል፤ ምን እንደሚደርስዎት አያውቁም። ሎተሪ በዕጣ ይወጣል። ኳስም አንዳንዴ ብረት መትታ ትመለሳለች። ዳማ ላይ የሚበወዝም፣ ዕጣ የሚወጣበትም የለም። እሱ የሚያየውን እኔም አያለሁ። ስሸነፍ «ዕድሌ ነው» ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለም። መጀመሪያ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን የምወደው እሱኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ማን ምን እንደደበቀ ስገምት እውላለሁ። ማታ ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋበት ቦታ መቀመጥ ያሳርፋል።

ይህ ምኑ ይስባል ቢሉኝ፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ለእርስዎ ማስረዳት ይቀለኛል። እርስዎ አኮፋዳ አንግተው ዋሸራ ድረስ ቅኔ ፍለጋ የሄዱ ሰው ነዎት። ጉባዔ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቃሉን የተሰበሰበው ሁሉ ይሰማዋል፤ የተደበቀ የለም። ወርቁን የሚያየው ግን ጥቂት ነው። የኔታ ሲፈቱት «ይሄ እንዴት አመለጠኝ!» ይሉ እንደነበር ነግረውኛል። ዳማም እንደዚያው ነው። ሾፌሩ አንዲት ቆርኪ ገፋ አድርጎ ያቀርብልኛል። እኔም ጓጉቼ እበላለሁ። ከዚያ እሱ የእኔን እየዘለለ ጠራርጎ የመጨረሻው መስመር ላይ ቁጭ ይላል። ወጥመዱ የተሠራው ዓይኔ ሥር ነው። ማንም አልሸፈነብኝም።

የሚገርመው ደግሞ ሕጉ ትንሽ መሆኑ ነው። ቼዝ ላይ ነጩ ሲጀምር 20 ምርጫ አለው፤ ጥቁሩም እንዲሁ 20። ስለዚህ ሁለቱም ገና አንድ አንዴ ብቻ ተንቀሳቅሰው 400 ዓይነት አሰላለፍ ሊወጣ ይችላል። ጎ የሚባል ከቻይና የተነሣ ጨዋታም አለ። ሰሌዳው 19 በ19 መስመር ነው፤ የመጀመሪያዋ ጠጠር ብቻ 361 ቦታ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። ጠጠሮቹ ማዕረግ የላቸውም። ንጉሥ የለ፣ ፈረስ የለ። ካልተበሉ በቀር አንዴ ከተቀመጡ አይነሡም። ስልኬ ላይ እሞክረዋለሁ፤ እስካሁን ግን መቀጥቀጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ኮምፒውተር የሚያሸንፍበት ጨዋታ ምን ይረባል?» ይለኛል። እውነት የለውም አይባልም። በፈረንጆቹ 1997 ዲፕ ብሉ የተባለ ኮምፒውተር የቼዙን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ረታ። በ2016 ደግሞ አልፋጎ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮሪያዊውን የጎ ሊቅ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸነፈው። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሊረታ የማይችል ነገር መጥቷል ብሎ ከውድድር ራሱን አገለለ። እንግሊዞች በሚጫወቱት ሕግ ከሄድን ዳማ ጭራሽ ተፈትቶ አልቋል። ካናዳ ውስጥ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ጆናታን ሼፈር የሚባል ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1989 ጀምሮ በ2007 ጨረሰው። ሁለቱም ካልተሳሳቱ ጨዋታው እኩል ለእኩል ያልቃል ማለት ነው። እኔና ሾፌሩ ግን ሳንሳሳት ውለን ስለማናውቅ የሻይ ከፋይ ጠፍቶ አያውቅም። ወንድሜ መኪና ከሰው ይልቅ ይሮጣል ብሎ ሩጫ ማየት ሲተው ያኔ እንነጋገራለን።

ሁለት ሰው ብቻ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ከሆኑ ምክክር ይመጣል። ሁለቱ ይተባበሩና አንዱን ይጥሉታል፤ ከዚያ ጎበዙ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ሲሆኑ ግን የሚያማልድ የለም። ሰውየውንም ያውቁታል። ይህ ሾፌር ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ሌላው ጥሩምባ ቢነፋበት ግድ የማይሰጠው ሰው ነው። ዳማ ላይ ግን ሆዳም ነው። የተሰጠውን ሁሉ ይበላል። ስንት ዓመት አብሬው ሠርቼ ይህን ጠባዩን ያወቅሁት በቆርኪ ነው። እሱም ስለ እኔ የሚያውቀው ሳይኖር አይቀርም፤ አልጠየቅሁትም።

ከእህቴ ልጅ ጋር ደግሞ ሄክስ የሚባል በወረቀት እንጫወታለን። ባለ ስድስት ጎን ቤቶች የተሣሉበት ሰሌዳ ነው። ሁለት ትይዩ ጎኖች የእሱ፣ ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ቀድሞ ጎንና ጎኑን ያገናኘ ያሸንፋል። ዴንማርካዊው ፒት ሄይን በ1942 አወጣው። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ ይህን ሳያውቅ ራሱ ደረሰበት። እኩል መውጣት የሚባል ነገር ፈጽሞ የለበትም። ጀማሪው ስለሚጠቀም ማስታረቂያ ተበጅቶለታል። አንዱ የመጀመሪያውን ምልክት ያደርጋል፤ ሌላው ከፈለገ ያንን ምልክት የራሱ ያደርገዋል። ስለዚህ ጀማሪው በጣም ጥሩ ቦታ ለመያዝ ይፈራል። ልጁ ይህን ሲረዳ እንዴት እንደሳቀ ቢያዩት!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ መሬት ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወቱ እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያኔ ትኩረት አልሰጠሁትም። አሁን ግን ሕጉን እፈልገዋለሁ። እዚህ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል። አንዱ ጉድጓዱ በሁለት ረድፍ ነው ይላል፤ ሌላው በሦስት። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በፈረንጆቹ 1971 የገበጣን ዓይነቶች ከየአካባቢው ሰብስበው ጽፈዋል፤ ብዙ ናቸው። የእርስዎ ሰፈር ልጆች የተጫወቱት ግን እርስዎ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ረድፉ ስንት ነበር? በአንድ ጉድጓድ ስንት ጠጠር? እጅዎ ያለው ሲያልቅ ከየትኛው አንሥተው ይቀጥላሉ? መቼስ ይቆማሉ? የሚበላውስ መቼ ነው?

መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረውን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥንም ካወቁ ይጨምሩልኝ። አጀማመሩ ወረራ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደ ፈቀዳቸው ያሰልፋሉ። እኔ አልችለውም፤ ለመንገዱ ግፊያ እንኳ አልሆንሁም። እርስዎ ግን ወጣት ሳሉ ይሆንልዎት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሾፌሩ በሚመጣው ወር ለሥራ ወደ ማርቆስ ይመጣል። የጉልበት ቅባቱንና የእማዬን መነጽር በእሱ እልካለሁ። ዳማውንም ይዞ ይመጣል፤ ከእርስዎ ጋር ካልተጫወትሁ ብሏል። መጀመሪያ ላይ አንዲት ቆርኪ ዝም ብለው ይስጡት፤ ይበላታል። የገበጣውን ሕግ ግን ለእሱ እንዳይነግሩት። አሽገው በወረቀት ይላኩልኝ፤ አለዚያ መንገድ ላይ ተለማምዶ ይመጣብኛል።

እማዬን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎንም ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር