ይድረስ ለአባባ፣ ከደሴ

አሰላሙ አለይኩም አባባ። ዓይንዎ እንዴት ሆነ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም እንደሚያውቋት ናት። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አላስነሳ ብሏል። ትልቁ ፈተናውን ጨርሷል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «አባባ ሲመጡ አያውቁኝም» እያለች ታለቅሳለች። ድመቷ ወልዳለች። ሌላ ምን አለ...

በወረቀት የመጣሁት ስደውል «በይ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። ከ400 ኪሎ ሜትር ወዲያ ሆነው እንኳን የኔ ካርድ ያሳስብዎታል። እታለም ታነብልዎታለች። እታለም፣ አደራ፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

መጀመሪያ ጠብታው። ሞራው ተገፈፈ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። በሰዓቱ ያድርጉት። ዓይንዎን አይሹት። ዉዱእ ሲያደርጉ ውሃ እንዳይገባበት። ሐኪሙ ማጎንበስ እስኪፈቅድልዎ ድረስም ወንበር ላይ ሆነው ይስገዱ፤ አላህ ባሪያውን አያስጨንቅም። እታለም «እሺ ይላሉ፣ ግን አያደርጉም» ብላኛለች። ይኸው አሳበቅኩ።

አሁን ወደ ወሬዬ። እዚህ የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና ገብቻለሁ። «ምን ይሠራልሻል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ከሥራ ስወጣ ነው የምሄደው፤ ልጆቹን ጎረቤት ትይዝልኛለች። አሠልጣኙ የመጀመሪያው ቀን «ለ10 ደቂቃ እጃችሁን ሳታነሱ የመጣላችሁን ጻፉ» አለን። እኔ የመጣልኝ አስቤዛ ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የልጅ ጫማ። ሌላው ስለ ጨረቃ ያነባል። ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ይኸው ሲደጋገም አሠልጣኙ «መንፈሳችሁ ይነቃቃ» ብሎ ሐይቅ ወሰደን። ወንዶቹ እስጢፋኖስ ገዳምን ሊያዩ ገቡ። ሴት ስለማይገባ እኛ ከውሃው ዳር ቀረን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያን ሁሉ መጽሐፍ ያሰባሰቡት እዚያ ነው አሉ። ያ ሁሉ ጸሐፊ ባለፈበት ምድር እኔ አንድ መስመር አቃተኝ። ሐይቁ ያምራል። ሌላ ምን ልበል?

ደብተሬን ገልጬ እንደተቀመጥኩ አንዲት እናት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ልጄ፣ ጸሐፊ ነሽ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥረው ቁጭ አሉና ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። የባላቸው ወንድም የመሬታቸውን ወሰን ገፍቶባቸዋል። ቀበሌ ቢሄዱ «በጽሑፍ አምጪ» ተብለዋል። ነገሩን ከሠርጋቸው ቀን ጀመሩት። ከሠርጉ ወደ በሬው፣ ከበሬው ወደ ሞተው ልጃቸው ሄዱ።

«እማማ፣ ፍሬ ነገሩን ይንገሩኝ።»

አባባ፣ ይሄ ከኔ አፍ ወጣ። የጉሮሮ መጥረጉ ሳይቀር የእርስዎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! አመልካች፣ ተጠሪ፣ ጉዳዩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከጃንጥላዎ ሥር ሆኜ ስንት ጊዜ ነው ያየሁት! ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት። ጠርዙን ጉልበትዎ ላይ መታ መታ አድርገው እኩል ያደርጉታል። ኮፒው እንዲወጣ እስክሪብቶውን ጫን ይሉታል። ከኩታበር፣ ከተንታ የመጣው ሰው ሲያወራ ይውላል፤ እርስዎ አንድ ገጽ ያደርጉታል። ማን፣ በማን ላይ፣ በምን ማስረጃ፣ ምን ዳኝነት እንደሚጠይቅ። አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ «ባለታሪካችሁ ምን ይፈልጋል? ማን ከለከለው?» ብሎ ሲጽፍ ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው። እርስዎ በዚህ ልጅ አሳድገዋል።

አነበብኩላቸው። «እንዲያ ነው ያልኩሽ!» አሉ። የእጄን ዋጋ አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ።

የዚያን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ አልኩ። ሲነጋ አንድ ታሪክ በእጄ ነበር። እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። እታለም፣ ይህን ቀስ ብለሽ።

ወንድም ጋሼ በባቲ በኩል ወጥቶ፣ ጅዳ ደርሶ አድራሻ የላከ ጊዜ፣ እማ «እስቲ ሁለት መስመር ጻፍለት» አለችዎ። «ሳይጠይቀኝ ለሄደ ወረቀት አላበላሽም» አሉ። እሷ ምንም አልመለሰችም። በማግስቱ ሻርፗን አድርጋ፣ እጄን ይዛ፣ ከእርስዎ ሦስት ጃንጥላ ዝቅ ብለው የሚቀመጡት ሰውዬ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው አፈሩ። «እሱ እያለ?» አሏት። ብሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ዞሬ አየሁዎት። እርስዎም አይተውናል። ካርቦን እያስገቡ ነበር። ጠርዙን አስተካከሉ፣ ቀና አሉ፣ ተመልሰው አጎነበሱ።

ለአገር ምድሩ ሲጽፉ ኖረው ለእሷ ሁለት መስመር ከለከሏት። ያስተማሩኝን፣ ያለበሱኝን አልክድም፤ አላህ ይክፈልዎ። ግን ይሄም አለ አባባ። እማ እስክትሞት አንድ ቀን አላነሳችውም። እኔ ግን አልረሳሁትም።

የሠልጣኞቹ ሥራ በአንድ መድበል ሊታተም ነው። የኔም ይገባል ተብሏል። ስም የለበትም፣ አይስጉ። አሠልጣኙ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «አባትየው ያኔ ምን እያሰበ ነበር?» ምን ልመልስ? ከራሴ ፈጥሬ ጨካኝ አደረግኩዎት። ሰረዝኩት። እንባ እያነቁ ሲጽፉ አደረግኩዎት። እሱንም ሰረዝኩት፤ እርስዎን አይመስልም። ክስ ጽፈው ሲጨርሱ «ከላይ የቀረበው በእውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ይሉ የለ? እኔ ይህን ልል አልችልም።

ወንድም ጋሼ ሰሞኑን ደውሎ ነበር። ዓይንዎን ደጋግሞ ጠየቀኝ። የሕክምናው ገንዘብ ከየት እንደመጣ እታለም ካልነገረችዎ እኔ አልነግርዎትም።

እና አባባ፣ ያኔ ያሰቡትን ለእታለም ይንገሯት። በቃልዎ ትጻፈው። እሷ እንዳታሳምረው ብቻ። ካልፈለጉም አልናገርም ይበሉ፤ አባትየውን አጎንብሶ እንደሚጽፍ እተወዋለሁ። ታሪኩ ግን ይታተማል። የምናስረክበው በወሩ መጨረሻ ነው።

ጠብታው ሊያልቅ ሲል ቀድማችሁ ግዙ፤ ከፋርማሲ አንዳንዴ ይጠፋል። በሚመጣው ሰው በርበሬና በሶ ልኬያለሁ። እታለም ስኳር እንዳታበዛበት።

ልጅዎ